11 ቀን አልጻፍ ያለኝ ጽሑፍ እንዴት ወጣ

አራት ኪሎ ቡና አፍልታ ስለምትሸጥ አንዲት ሴት ልጽፍ ተነሳሁ። 11 ቀን ፈጀብኝ። ችግሩ ይሄ ነበር፦ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ አነባታለሁ፣ አጠፋታለሁ። ሁለተኛዋ ጋ አንድም ቀን አልደረስኩም።

መጀመሪያ ዳታ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ምንም። ከዚያ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ ሞከርኩ፤ እንቅልፌን አጣሁ እንጂ ገጹ ያው ባዶ ነው። ካፌ መቀያየርም አልረዳኝም።

በ12ኛው ቀን እህቴ ደወለች። «ስለ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ሴትየዋ ስኒ ከማቀበሏ በፊት ከሥሩ ያለውን ጠብታ በነጠላዋ ጫፍ እንደምትጠርግ፣ የደንበኛዋን ስኳር ሳትጠይቅ እንደምታውቅ ነገርኳት። ስልኩን ስዘጋ ገባኝ። ጽሑፉን አውርቼው ጨርሻለሁ።

ወዲያው ስልኬ ላይ ጂቦርድን (የጉግልን ኪቦርድ) ከፈትኩ፤ ቋንቋውን አማርኛ አድርጌ፣ የምናገረውን ወደ ጽሑፍ እንዲቀይርልኝ ማይክሮፎኗን ነካሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እየሄድኩ፣ ልክ ለእህቴ እንደማወራ አድርጌ ተናገርኩት። ፒያሳ ስደርስ ሁለት ገጽ ሞልቷል። አራት ነጥብ የለውም፣ አንዳንድ ቃልም ተሳስቷል። ግን የኔ ድምፅ ነው፤ ደስታዬን አልደብቅም።

አንድ ነገር አደራ፦ እያወራችሁ ስክሪኑን አትዩ። መሀል ላይ አንድ ቃል ላርም ብዬ ቆሜ ያው ችግር ተመልሶብኝ ነበር። እርማቱን ማታ ቤት ገብቼ ጉግል ዶክስ ላይ ሠራሁ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት መጨረሻ ላይ ነው።