ቀን ደህና፣ ሌሊት ድርግም፦ የግቢ ካሜራ ችግርና መፍትሄ

ሶኬቱ መሰካቱን፣ የዲቪአሩ (የመቅረጫ ሣጥኑ) መብራት መብራቱን፣ ሞኒተሩ ትክክለኛው መስመር ላይ መሆኑን አይታችኋል ብለን እንለፍ። ከዚህ በታች ያለው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በየአካባቢው ግቢው ውስጥ መኪና ወይም ባጃጅ የሚያሳድር ሰው ካሜራ አስገጥሞ ጥቂት ወር ከቆየ በኋላ የሚገጥመው ነው።

ሲመሽ የሚጠፋ ካሜራ

አብዛኛው አቤቱታ ይሄ ነው። ቀን ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ግን ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዳምጡ ካሜራው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ሲነጋ ይድናል። ባለሙያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት መጥቶ ያየዋል፣ "ምንም የለበትም" ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

እውነትም ካሜራው ምንም የለበትም። ሲጨልም ለዓይን የማይታዩት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ስለሚበሩ፣ ቀን ሩብ አምፒር ይበቃው የነበረው አሁን ግማሽ አምፒር ይፈልጋል። ገመዱ ያንን ማድረስ ሲያቅተው ቮልቴጁ ይወርድና ካሜራው ይጠፋል። ሲጠፋ ጭነቱ ስለሚቀል ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ካሜራው ይነሣል፣ መብራቱን ያበራል፣ መልሶ ይወድቃል። እስኪነጋ እንዲህ ያድራል። ቀጭ የሚለው ከሌንሱ ኋላ ያለው የቀንና የሌሊት ማጣሪያ በተነሣ ቁጥር ሲንቀሳቀስ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በ40 ሜትር የኔትወርክ ገመድ፣ በአንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ 12 ቮልት ብትልኩ መሄጃና መመለሻው 80 ሜትር ነው። ንጹሕ መዳብ ከሆነ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን) 7 ኦም ይጠጋል፣ በግማሽ አምፒር 3 ቮልት ተኩል ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በርካሽ የሚሸጠው ገመድ ግን ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ብቻ መዳብ ነው። የሱ ከ10 ኦም ስለሚያልፍ ከ5 ቮልት በላይ ይበላል። 12 ብላችሁ የላካችሁት ወደ 7 ወርዶ ይደርሳል። ገመዱን ሳይገዙ መለየት ቀላል ነው፦ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፣ ውስጧ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ናት። ጥቅልሉን ስታነሡትም ቅልል ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገመዱን ከካሜራው ነቅላችሁ ብትለኩ ቴስተሩ ሁልጊዜ 12 ያሳያል፤ ምንም የሚጎትት የለምና። ካሜራው እንደተሰካ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን በጥቁር ናስትሮ ሸፍናችሁ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ለኩ። ከ10.8 ቮልት በታች ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ይህን ሳይለኩ የበሩን ካሜራ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀይሩ አሉ። አዲሱ ካሜራ መብራቱ ትንሽ አነስ ያለ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ኮርኒስ ውስጥ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለው መጋጠሚያ ውርጭና እርጥበት ይገባበታል፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ያበቅላል፣ ያው ድርግም ድርግም ይጀምራል። ናስትሮውን ስትፈቱት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የካሜራው ሻጭ ሳይሆን የመጋጠሚያው ነው።

መፍትሄው ከርካሹ ይጀምራል። የኔትወርክ ገመድ 4 ጥንድ አለው፤ ምስሉ አንዱን ከወሰደ የተቀሩትን 3 ጥንዶች አንድ ላይ አድርጉ፦ ባለ ሙሉ ቀለሞቹን ለፖዘቲቭ፣ ነጫጮቹን ለኔጋቲቭ። ብክነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ያ ካልበቃ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት መስመር የመዳብ ገመድ ለኃይል ብቻ ዘርጉ፤ በዚያው 40 ሜትር ግማሽ ቮልት እንኳ አይጎድልበትም። ሦስተኛው አማራጭ አዳፕተሩን ራሱን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ካሜራው አጠገብ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ 220 ቮልቱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዉት፣ በራሱ ኮንዲዩት ይሂድ፣ ከምስል ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አይግባ። የአይፒ ካሜራ (ምስሉን በኔትወርክ የሚልክ) ከሆነ ኃይሉን በኔትወርክ ገመዱ በ48 ቮልት ከሚልክ ስዊች አምጡት፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሚፈሰው አምፒር ስለሚያንስ ችግሩ ከሥሩ ይቀላል፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ገመዱ ግን እዚህም ንጹሕ መዳብ ይሁን።

አንድ ነገር በፍጹም አታድርጉ፦ "ገመዱ ይበላዋል" ብሎ ባለ 15 ቮልት አዳፕተር መሰካት። ቀን ኢንፍራሬዱ ሲጠፋ ብክነቱ ይቀንሳል፣ ከ12 የበለጠው ቀጥታ ካሜራው ላይ ያርፋል። ካሜራው የሚቃጠለው ሌሊት ሳይሆን ቀን ስለሆነ ምክንያቱን የሚጠረጥር የለም።

አዳፕተሩንም እዩ። 4 ካሜራ ሲመሽ 2 አምፒር ይፈልጋል፤ ለዚህ ባለ 5 አምፒር የብረት ፓወር ሳፕላይ ያዙ። ላዩ ላይ 2 አምፒር የተለጠፈበት፣ እንደ ክብሪት ሣጥን የሚቀል አዳፕተር ያን አይሰጥም። ሁሉም ካሜራ አንድ ላይ ከጠፋ ገመድ አትጎርጉሩ፣ እዚያው አዳፕተሩ ላይ ናችሁ።

ሌሊት ነጭ ጉም የሚያሳይ ካሜራ

የሸረሪት ድር፣ አቧራ፣ ወይም ኢንፍራሬዱ ከቅርብ ግድግዳና ከጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ መመለሱ ነው። ጥረጉት፣ የጣሪያው ጠርዝ ከምስሉ እስኪወጣ አዙሩት። ካሜራን ከመስኮት መስታወት ኋላ የሚያስቀምጥ ሰው ሌሊት የራሱን መብራት ብቻ ያያል። እንደ ጣርማ በር ጉም በሚወርድበት ቦታ ኢንፍራሬድ ምንም አያደርግም፤ አጥፉትና ከካሜራው 2 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የግቢ አምፖል አብሩ። አምፖሉ ለሌባውም መልእክት ነው።

ውስጡ ላብ የሚመስል ጤዛ ካለ ውሃው የገባው ከኋላ፣ ከገመዱ መግቢያ ነው። ገመዱ ወደ ካሜራው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ሸብረክ ብሎ ይታጠፍ፤ ውሃው ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል።

መኪናው ተነካ፣ ቀረጻው ግን የለም

ሀርድ ዲስኩን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱን እዩ። ባለቤቱ "ከ12 እስከ 12 ይቅረጽ" ይላል፣ ገጣሚው 00:00–12:00 ብሎ ይሞላል። ያ ማለት ከሌሊቱ 6 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ስፖኪዮ ነቅሎ የሄደው ሰው አይገኝም። ትክክሉ ከ18:00 እስከ 06:00 ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን 24 ሰዓት ማስቀረጽ ነው።

ዲቪአሩ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው በቻይና ሰዓት፣ ማለትም ጂኤምቲ +8 ላይ ይመጣል፤ +3 አድርጉት። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አትሙሉ። አንዴ ሞልታችሁ በኋላ ከኢንተርኔት ሰዓት ሲያስተካክል ቀረጻው ሁለት ዓመት ላይ ይከፈላል፣ የፈለጋችሁት ቀን ባዶ ይመስላል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ በውስጡ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል፤ መቀየር ነው።

ስለ ዲስኩ ቦታ፦ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይወስዳል። 4 ካሜራ በ1 ቴራባይት 11 ቀን ያህል ይይዛል፣ ከዚያ አሮጌው እየተደመሰሰ ይሄዳል። "አዲስ" ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ዲስክ ሞልቷል፤ ዲቪአሩ የዲስኩን ጤና ሲያሳይ የሠራበትን ሰዓት ያወጣል። አዲስ በተባለ ዲስክ ላይ 20,000 ሰዓት ካያችሁ ከ2 ዓመት በላይ ሲዞር የከረመ ነው፤ መልሱት።

ሰው ይታያል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም

ካሜራው 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። በብርዱ ወራት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌሊት ጋቢ ያልተከናነበ ማን አለ? ከላይ የሚታየው የጋቢ ጫፍ ብቻ ነው። የበሩን ካሜራ 2.5 ሜትር ገደማ ላይ አድርጉት። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰፊ ያያል፣ ፊት የሚለየው ግን እስከ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሰሌዳ ለማንበብ በር ላይ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ግጠሙ። የመኪና መብራት ሰሌዳውን የሚያነጣው ከሆነ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ አድርጉ።

መብራት ሲጠፋ

650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሣጥን) ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ዲቪአርና 4 ካሜራ 40 ዋት ቢወስዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፣ ብርድ ላይ ደግሞ ያንሳል። ሌሊቱን ሙሉ ከፈለጋችሁ የ100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አስቡ። ቆጣሪው ከአጥር ውጭ ከሆነ ሳጥኑን ቆልፉ፤ ልምድ ያለው ሌባ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ምስሉ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር፦ የካሜራው ብረት ከላሜራ በሩ ጋር ተነካክቷል፣ በፕላስቲክ ለዩት። አንዱ ካሜራ ብቻ ድንገት ጥቁር፦ ኮርኒስ ውስጥ ገመዱን አይጥ በልቶታል። ስልክ ላይ አይከፈትም፦ የሲሙ ጥቅል አልቋል፣ ወይም በትልቁ ምስል እያያችሁ ነው፤ ወደ ትንሹ ቀይሩት። የፋብሪካ ፓስዎርድ ሳይቀየር የቀረ ካሜራ ግቢያችሁን ለማንም ያሳያል።

ዲቪአሩን ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጡ፣ ሌባው ቀረጻውን ከነሣጥኑ ይወስደዋል፤ አየር የሚገባው የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። ስርቆት ከደረሰ በዚያው ቀን የሚፈለገውን ሰዓት ቀረጻ ከነማጫወቻ ፕሮግራሙ ወደ ፍላሽ ቅዱ፣ ዲቪአሩ ከስልካችሁ ሰዓት በስንት ደቂቃ እንደሚለይም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፍላሹ ጋር ለፖሊስ ስጡ።