ጥቃቅን የሳይት ጥገናዎችን ለፍሪላንሰር ስትሰጡ ከየት እንደምትጀምሩ

ዌብ ዲዛይን ኤጀንሲ ውስጥ የሰራ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። አዲስ ሳይት ዲዛይን እያረጋችሁ ነው፣ ጭንቅላታችሁ ስራው ውስጥ ገብቷል፣ ድንገት ከ2 አመት በፊት ሳይቱን ያስረከባችሁት ደንበኛ ስልካችን ተቀይሯል አስተካክሉልን ብሎ ኢሜይል ይልካል። የ10 ደቂቃ ስራ ነው። ግን ፓስወርዱን ፈልጋችሁ፣ ገብታችሁ፣ ቁጥሩ ሄደሩም ፉተሩም ኮንታክት ገጹም ላይ እንዳለ አይታችሁ፣ ካሹን (ሳይቱ ቶሎ እንዲከፍት ተቀምጦ ሚቆየውን የድሮ ቅጂ) አጽድታችሁ፣ መልስ ጽፋችሁ ወደ ዲዛይኑ ስትመለሱ የት ጋ እንደነበራችሁ ይጠፋባችኋል። እንደዚ አይነት ነገር በቀን 4 ጊዜ ከመጣ ቀኑ ሄደ ማለት ነው።

እኔም ለብዙ ጊዜ ለሰው ከማስረዳ ራሴ ብሰራው ይፈጥናል ስል ነበር፣ እውነትም ለአንዱ ቀን ይፈጥናል፣ ግን ያው ስራ ደግሞ ደጋግሞ ነው ሚመጣው። ስለዚ ለውጪ ሰው፣ ማለትም ተቀጣሪያችን ላልሆነ ፍሪላንሰር መስጠት ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፣ አሁን ግን ሚሰራልኝ መንገድ አለ፣ እሱን ነው ምጽፍላችሁ።

ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት ለ2 ሳምንት ሚመጣውን ጥያቄ በሙሉ መዝግቡ። ተራ ኤክሴል ይበቃል። ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ለመስራት የት የት መግባት አስፈለገ። ብዙ ሰው ደቂቃውን ነው ሚያየው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ማየው የመጨረሻውን ነው፣ ምክንያቱም ስራው ትንሽ ሆኖ ሚፈልገው ቁልፍ ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ዲኤንኤስ (የሳይቱ ስም የትኛው ሰርቨር ጋ እንደሚያደርስ ሚይዝ መዝገብ) ላይ ኤምኤክስ ሪከርዱን (ኢሜይል የት እንደሚደርስ ሚናገረውን መስመር) በስህተት ያጠፋ ሰው ሳይቱ ምንም ሳይሆን ለደንበኛው ሚመጣውን ኢሜይል ሊያቆም ይችላል፣ ወዲያው ብትመልሱት እንኳን የተሳሳተው መረጃ በየሰርቨሩ ካሽ ተደርጎ ስለሚቆይ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ አንዳንድ ላኪዎች ጋ ችግሩ አይጠፋም።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ እንዲህ ነው ምለየው። ጽሁፍ መቀየር፣ ፎቶ መተካት፣ አዲስ ሰራተኛ ገጽ ላይ ማስገባት፣ ዜና መለጠፍ የመሳሰሉት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጣሉ። የፕለጊን (ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ስራ ሚሰራ ትንሽ ፕሮግራም) አፕዴት፣ ሞባይል ላይ የተበላሸ ገጽ፣ ሜሴጅ ማይልክ ፎርም፣ እነዚ ሰውየውን ካወቃችሁት በኋላ ነው። ዶሜይን (የሳይቱ አድራሻ)፣ ዲኤንኤስ፣ ሆስቲንግ አካውንት (ሳይቱ የተቀመጠበት ሰርቨር)ና የክፍያ ሴቲንግ ግን እኔ ጋ ይቀራሉ፣ በቃ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን።

ይሄን ያስተማረኝ አንድ የኦንላይን ሱቅ ነው። ለፍሪላንሰሩ ሙሉ አድሚን ሰጥቼው ፕለጊኖቹን አፕዴት አድርግ ብቻ ነበር ያልኩት፣ እሱም አርብ ከሰአት ላይቭ ሳይቱ (ገዢዎች ሚያዩት) ላይ ሁሉንም ባንዴ አፕዴት አደረገ፣ ሆም ፔጁን አየ፣ ይከፍታል፣ ጨረሰ። ቼክአውቱ (ገዢ ሚከፍልበት ገጽ) ግን መስራት አቁሟል። ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ደውሎ ቅዳሜና እሁድ አንድም ትዕዛዝ አልገባም ሲለኝ ነው ያወቅነው። ልጁ ላይ አልፈረድኩም፣ ከአፕዴት በኋላ አንድ የሙከራ ግዢ ፈጽም ብዬ ያልጻፍኩለት እኔ ነኝ።

ከዛ ወዲህ የአፕዴት ስርአታችን ይሄ ነው። መጀመሪያ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፣ ፋይሉም ዳታቤዙም፣ ሁለቱም። ከዛ ስቴጂንግ (ለሙከራ የተቀዳ የሳይቱ ቅጂ) ላይ አንድ በአንድ፣ ምክንያቱም 10 ፕለጊን ባንዴ አፕዴት አድርጋችሁ አንድ ነገር ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው ለማወቅ የምታጠፉት ጊዜ አንድ በአንድ ከመስራት ይበልጣል። ሳይቶቹ ሚሰሩበት ሲስተም ዎርድፕረስ ራሱ ትናንሾቹን የሴኩሪቲ አፕዴቶች ከ3.7 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ወዲህ በራሱ ነው ሚጭነው፣ ስለዚ ሰው በዋናነት ሚያስፈልገው በራሳቸው እንዲጫኑ ላልተደረጉት ትልልቆቹ ነው፣ እዚ ላይ ደግሞ ከ6.4 ወደ 6.5 መሄድ ትልቅ አፕዴት መሆኑን ለፍሪላንሰራችሁ ንገሩት፣ የነጥቡ ቁጥር ብቻ ስለተቀየረ ትንሽ ሚመስላቸው አሉ። ሱቅ ያለበት ሳይት ከሆነ የስቴጂንጉን ዳታቤዝ ላይቩ ላይ በጭራሽ እንዳይገለብጠው፣ በመሀል የገቡ ትዕዛዞች በሙሉ ይጠፋሉ። ስቴጂንጉ ኢሜይል እንዳይልክም አጥፉት፣ ካልሆነ የድሮ ገዢዎች ስለማያውቁት ትዕዛዝ መልእክት ይደርሳቸዋል።

አሁን ስለ አካውንት። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሎግኢን ይኑረው፣ የኤጀንሲው አንድ አድሚን ፓስወርድ በቴሌግራም መላላክ ይቅር። ጽሁፍና ፎቶ ብቻ ለሚቀይር ሰው ዎርድፕረስ ላይ የኤዲተር ደረጃ ይበቃዋል፣ ኤዲተር ገጽ ይቀይራል፣ ፖስት ያወጣል፣ ፕለጊንና ቲም (የሳይቱ መልክና አቀማመጥ) ግን መንካት አይችልም። ፓስወርዱን እንደ ቢትዋርደን ባለ የፓስወርድ ማኔጀር (ፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም) አጋሩት፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አስገድዱ። አክቲቪቲ ሎግ (ማን መቼ ምን እንደነካ ሚያሳይ መዝገብ) ሚይዝ ፕለጊን ጫኑ፣ ሰውን ለመሰለል አይደለም፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ትላንት 9 ሰአት ላይ ምን እንደተነካ ማየት ብቻውን የግማሽ ቀን ፍለጋ ያስቀራል፣ ፍሪላንሰሩንም ካላጠፋው ጥፋት ያድነዋል።

የስራ ትዕዛዝ አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙው ችግር ሚፈጠረው እዚ ነው። "ብሮሹሩን በአዲሱ ቀይረው" ብላችሁ ብትልኩ ሰውየው አዲሱን ፒዲኤፍ ይጭናል፣ ዎርድፕረስ ደግሞ በዛ ስም ፋይል ካለ አዲሱን ስሙ መጨረሻ ላይ 1 ጨምሮ ነው ሚያስቀምጠው፣ ስለዚ የድሮው ሊንክ አሁንም የድሮውን ብሮሹር ይከፍታል፣ እሱ ጨረስኩ ብሏል፣ ደንበኛው አልተቀየረም ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ አሁን ምጽፈው የገጹ ሊንክ፣ የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፋይል መከፈት እንዳለበት፣ ሌላ የት የት ገጽ ላይ እንዳለ፣ መቼ እንደሚፈለግ፣ ሲያልቅ በኮምፒዩተርም በስልክም የተነሳ ስክሪንሾት። በጽሁፍ ማስረዳት ካስቸገራችሁ ስክሪናችሁን ቀድታችሁ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ላኩ። ያንን ቪዲዮ አስቀምጡት፣ ያው ስራ ሲመለስ ሁለተኛ አትናገሩም።

ሰው ስትመርጡ በሲቪው አትወስኑ። እውነተኛ የሆኑ 3 ትናንሽ ስራዎች ስጡት፣ ክፈሉት፣ አንዱን ስራ ሆን ብላችሁ መረጃ አጉድሉበት። ሚጠይቃችሁን ያዙ። ገምቶ የሰራው ምናልባት ዛሬ ገምቶ አግኝቷል፣ የደንበኛ ሳይት ላይ ግን ግምት አያስፈልገንም። ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ላይ አትንጠልጠሉ፣ ይታመማል፣ እረፍት ይወጣል፣ ትንሽ ትንሽ ስራ ሚሰጠው ሁለተኛ ሰው ይኑራችሁ።

ክፍያው ላይ እኔ ምመርጠው በወር የተወሰነ ሰአት መግዛት ነው። በየስራው ሲከፈል ቶሎ ቶሎ መጨረስ ነው ሚበረታታው፣ መሞከሩ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ ሚያስፈልገን መሞከሩ ነው። ወጪው ከኪሳችሁ እንዳይወጣ ከደንበኛው ጋር ወርሃዊ የጥገና ውል ይኑራችሁ፣ ውሉ ስራውን ለሶስተኛ ወገን መስጠት ይፈቅድ እንደሆነም እዩ። የአውሮፓ ህብረት ደንበኛ ካላችሁና ፍሪላንሰሩ የሰዎችን ግላዊ መረጃ ሚያይ ከሆነ፣ ከ2018 ጀምሮ በስራ ላይ ያለው ጂዲፒአር (የህብረቱ የግላዊ መረጃ ጥበቃ ህግ) አንቀጽ 28 ላይ የደንበኛውን የጽሁፍ ፈቃድ አስቀድማችሁ እንድትይዙ ይጠይቃል፣ ይሄን ሚዘነጋ ኤጀንሲ ብዙ ነው።

ደንበኛውን ሚያናግረው ኤጀንሲው ይሁን፣ ጥያቄው በአንድ ኢሜይል ይግባ፣ እናንተ አጣርታችሁ አስተላልፉ። የመጀመሪያውን ወር ከእያንዳንዱ ስራ በኋላ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ፣ ከዛ ከ5 አንዱን። አፕዴት አርብ አይሰራም።

ሰውየው ስራ ሲያቆም ደግሞ በዛው ቀን አካውንቱን ዝጉ፣ ሆስቲንግ ላይ የኤስኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨሩ ማስገቢያ) ዩዘር ከሰጣችሁት እሱንም፣ የተጋራውን ፓስወርድም ቀይሩ። ዎርድፕረስ ላይ ዩዘር ስታጠፉ የሰራቸውን ነገሮች ምን ላድርጋቸው ብሎ ይጠይቃችኋል፣ በችኮላ ሙሉውን አጥፋ ሚለውን እንዳትነኩ፣ በስሙ ያወጣቸው ገጾችና ፖስቶች አብረው ነው ሚሄዱት። ለሌላ ዩዘር አስተላልፍ ሚለውን መርጣችሁ የኤጀንሲውን አካውንት ስጡት።