ተገጣጥሞ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ከዓመታት በኋላ ለተመለሳችሁ ችግርና መፍትሄ

ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፒውተር የገጣጠምኩት በ2004 ዓ.ም. ነበር። ዲዲአር 3 ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 7። ከዚያ ሥራው በዛ፣ ልጆች መጡ፣ ካቻቢቴውም ዛገ። ባለፈው ክረምት እንደገና ጀመርኩ። ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለው ቤቴ ገጣጠምኩት። አልነሳም። ሦስት ቀን ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ሲታይ አንድም የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ያሳሳተኝ የድሮው ዕውቀቴ ነው።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። "ራሙ ተበላሽቷል" ብላችሁ ጊቤን አሻግራችሁ ብትልኩት፣ ሻጩ ሞክሮ "ደህና ነው" ብሎ ይመልስላችኋል። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ። ስለዚህ ዕቃ ከመመለሳችሁ በፊት ምልክቱን ተከተሉ።

ቁልፉን ስጫን ምንም የለም

ፋን አይዞርም፣ መብራት የለም። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ሰጪው ሳጥን) ከኋላው ያለውን ማብሪያ እዩ። ቀጥሎ ከኬዙ ፊት የሚመጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች። የማብሪያው ሽቦ በአንዲት ፒን ከሳተ ቁልፉ አይሠራም። ለማረጋገጥ የማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) መመሪያ ከፍታችሁ የማብሪያውን ሁለት ፒኖች ፈልጉ። በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አነካኳቸው። ከተነሳ ችግሩ ቁልፉ ወይም ሽቦው ነው።

የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ለመጠቀም ላሰባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አንዳንዱ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማዞሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ኬብል ለሌላው አትጠቀሙ። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱ አሰላለፍ አለው። ገጥሞ ይገባል፣ ከዚያ ዲስኩን ያቃጥላል።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። እኔም ሦስቱን ቀን የጨረስኩት እዚህ ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት ትዕግሥት ማጣት ነው። ድሮ ቁልፉን ስትጫኑ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ምስል ይመጣ ነበር። ካልመጣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። አዲሱ የራም ትውልድ፣ ዲዲአር 5፣ ያለው ማሽን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን ይፈትናል፤ ሲግናሉን ያስተካክላል። ይሄ ሥራ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፣ አንዳንዴም ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። እኔ በየአንድ ደቂቃው እያጠፋሁ ነበር። ባጠፋሁ ቁጥር ፈተናው ከመጀመሪያው ይጀምራል። መፍትሄው፣ አብርታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቡና አፍሉ። መብራት ሊሄድ በሚችልበት ሰዓት አትጀምሩት።

ሁለተኛው የሞኒተሩ ኬብል ነው። ጠብቄም ምስል ሳይመጣ ሲቀር፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ መጣ። ኬዙን ከኋላ ዞሮ አየና፣ "ጋሼ፣ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻው ላይ ኤፍ አለው እንዴ?" አለኝ።

"አለው፣ ምነው?"

"እንግዲያው ከማዘርቦርዱ ምስል አይወጣም። ኤችዲኤምአዩን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰኩት።"

ሰካሁት፤ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም። በሌላው አምራች በኤኤምዲ በኩል ደግሞ ኤኤም 4 በሚባለው የፕሮሰሰር መግጠሚያ (ሶኬት) ላይ ከሚገቡት ራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ፣ ጂ ፊደል ከሌላቸው፣ እንደዚሁ ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መኖሩ ምስል ይወጣል ማለት አይደለም። ግራፊክስ ካርድ ከገዛችሁ ኬብሉ ሁልጊዜ ካርዱ ላይ ይሰካ።

ሦስተኛው ራሙ ነው። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም ካላችሁ፣ በአብዛኛው ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። እስኪ አንዱን ብቻ ሁለተኛው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቀጭ እስኪል ግፉት፤ የዛሬ ብዙ ማዘርቦርዶች መቆለፊያቸው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ያልገባው የገባ ይመስላል። ያገለገለ ራም ወይም ካርድ ከሆነ ደግሞ የጅማን ክረምት አትርሱ። እርጥበቱ ረጅም ወራት ይቆያል፤ ካርቶን ውስጥ የከረመ ራም ወርቃማ ጥርሱ ላይ ስስ እድፍ ይይዛል። በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ብናኙን አራግፉ፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ሲደርቅ መልሱት። "ሞቷል" የተባለ ራም በዚህ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

አራተኛው ባዮስ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ቀድሞ የወጣ የኤኤም 4 ማዘርቦርድ ቆይቶ የመጣውን ራይዘን 5000 የሚያውቀው ባዮሱ ሲታደስ ነው። ኢንቴልም ዘንድ ያው ነው፤ ለ12ኛው ትውልድ የተሠራ ማዘርቦርድ ለ13ኛውና ለ14ኛው ማደስ ሊፈልግ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ደግሞ 1151 የሚባለውን ሶኬት ተጠንቀቁ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ግን ለ6ኛና 7ኛ ትውልድ የተሠራው ማዘርቦርድ 8ኛውንና 9ኛውን አያስነሳም። እዚህ ላይ ማደስም አያድንም፤ መቀየር ነው።

ጥሩ ዜናው፣ ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ትጭናላችሁ። የፋይሉን ስም መመሪያው እንዳለው ትቀይራላችሁ። ፍላሹን ምልክት የተደረገበት ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ቁልፉን ትጫናላችሁ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ባዮሱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

ድሮ ጉድለቱን በጩኸት እንለይ ነበር። ረጅም ጩኸት ራም፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ካርድ። አሁን ብዙው ኬዝ ድምጽ ማውጫዋን ይዞ አይመጣም። በምትኩ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለካርድ፣ ለዲስክ አራት ትናንሽ መብራቶች ይኖራሉ። የትኛው በርቶ እንደቀረ እዩ። ምርመራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ከሁለቱ ራም አንዱ ብቻ ይታያል

ይሄ የኤኤምዲ ወዳጆችን ይመለከታል። ድሮ ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ኤኤም 5 ወዲህ እንደ ኢንቴል ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። ፀጉር የሚያክል ፒን ከታጠፈ የራሙ ግማሽ ይጠፋል። የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ ሶኬቱን እዩ። የታጠፈ ካለ ራሳችሁ አትነካኩት፤ በማጉያ የሚሠራ የሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ፒኖቹ ደህና ከሆኑ የማቀዝቀዣው ብሎን በአንድ በኩል ከርሮ እንደሆነ እዩ። አላልታችሁ በሰያፍ፣ እኩል እኩል እሰሩት።

ኤስኤስዲው አይታይም

ኤም ዶት ቱ (M.2) የኤስኤስዲው፣ የፈጣኑ ዲስክ፣ ቅርጽ ስም ነው። ውስጡ ሳታም (የድሮው የዲስክ ግንኙነት) ኤንቪኤምኢም (አዲሱና ፈጣኑ) ሊሆን ይችላል። ማስገቢያው ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሳታው ይገባል፣ ግን አይታይም። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም ዶት ቱ ሲገባ ከሳታ ቀዳዳዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። የድሮው ሃርድ ዲስክ የጠፋው ለዚህ ሊሆን ስለሚችል ቀዳዳ ቀይሩለት።

ባዮስ ላይ እየታየ ዊንዶውስ ሲጫን የማይታይ ከሆነ፣ ማሽኑም 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንቴል ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ (VMD፣ የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ) የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉት። ይህን ከመጫናችሁ በፊት አድርጉት፤ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ብትነኩት ላይነሳ ይችላል።

የድሮው ዲስክ ከነዊንዶውሱ አልነሳ ካለ ደግሞ ኤምቢአር (MBR) በሚባለው በድሮው የዲስክ አከፋፈል ስለተጫነ ሊሆን ይችላል። ፋይላችሁን ቅዱና አዲስ ጫኑ። ዊንዶውስ 10ም ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 11 ሲጫን "ማሽኑ አይመጥንም" ካለ ባዮስ ውስጥ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት መጠበቂያዎች ጠፍተው ይሆናል። አብሯቸው።

ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል

ሙቀት ከሆነ ማቀዝቀዣውን ንቀሉና ከሥሩ ያለችውን ስስ ፕላስቲክ እዩ። ልጣጩ ሳይላጥ የሚታሰር ብዙ ነው። ላጡት፣ የድሮውን ቅባት ጥረጉ፣ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ቅባት አድርጉ።

መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ እየጮኸ ማሽኑ ግን አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ አይቀበሉትም። ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። አቅሙንም በቪኤ (ቮልት አምፔር) ሳይሆን በዋት አንብቡ።

ኬዙን ስነካ ይነዝረኛል

ይህን እንዳትንቁት እለምናችኋለሁ። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻን የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ብረት ያሳልፋሉ። ያቺ ኤሌክትሪክ በኧርዝ መስመር ወደ መሬት መውረድ ነበረባት። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው፣ ወይም ሦስት እግር ያለውን ሶኬት በሁለት እግር ዲቫይደር ካሳለፋችሁት፣ ኬዙ ላይ ትቀራለች። ጣት ሲነካው ይነዝራል፤ ባዶ እግር በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከሆነማ ይብሳል።

ጥቂቷ ንዝረት ብቻዋን አትገድልም። ግን አንድ ቀን ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ ቢበላሽ ያ ኬዝ ሙሉ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል፣ የሚያወርደውም የለም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ መጠበቅ የለበትም። መጀመሪያ ዲቫይደሩን ቀይሩ። ካልተወ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ኧርዝ አስቀብሩ። እስከዚያው ኬዙን ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ይዛባል

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች። ያገለገለ ማዘርቦርድ ላይ የተለመደ ነው። ሰዓቱ ሲሳሳት ብሮውዘሩ "ድረ ገጹ አስተማማኝ አይደለም" እያለ ያስቸግራችኋል፤ ሰውም ቫይረስ ይመስለዋል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ አዲስ ባትሪ ቀይሩ፣ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ። እግረ መንገዳችሁን ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን፣ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን፣ አብሩት። እሱ ካልበራ በ6000 ፍጥነት የገዛችሁት ራም በአብዛኛው በ4800 ነው የሚሠራው።