ሄቢየስ ኮርፐስ ሲባል የሚፈጠሩ ስህተቶች

ሄቢየስ ኮርፐስ በእንግሊዝኛ ዜናዎች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ የላቲን ሐረግ ነው። የእኛ የሕግ ሰዎች "አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ" ይሉታል። ሰው ታስሮበት ለሚሯሯጥ ቤተሰብ ትርጉሙን አዛብቶ መያዝ ጊዜ ያስበላል።

የመጀመሪያው ስህተት ኮርፐስን ሬሳ ማድረግ ነው። ቃሉ አካል ማለት ነው፤ የሚወራውም በሕይወት ስላለ ሰው ነው። አቤቱታው ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ለአሳሪው ነው፦ የያዝከውን ሰው በአካል አቅርብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ።

በ1679 እ.ኤ.አ. ተፈጠረ የሚሉም አሉ። ያኔ የወጣው ስለ ትእዛዙ የሚደነግገው የእንግሊዝ ሕግ ነው። ትእዛዙ ራሱ በእንግሊዝ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነበር። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ሰውን ችሎት ለማቅረብ እንጂ ለማስፈታት አልነበረም። የ1679ኙ ሕግ እስረኛ ለማቅረብ የጊዜ ገደብ አስቀመጠና አሳሪዎች የሚያመልጡበትን ቀዳዳ ደፈነ።

"ታሳሪው ራሱ ካላመለከተ አይሆንም" ማለትም ትክክል አይደለም። በባርነት ይኖር የነበረውን ጄምስ ሶመርሴትን እንውሰድ። በ1771 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከጌታው ካመለጠ በኋላ ተይዞ፣ ጃማይካ ወስደው ሊሸጡት በሰንሰለት መርከብ ላይ አሰሩት። እሱ ከዚያ ሆኖ ምን ሊያመለክት ይችላል? ፍርድ ቤት የሄዱለት ሦስቱ የክርስትና ወላጆቹ ናቸው። ካፒቴኑ እንዲያቀርበው ታዘዘ። በሰኔ 1772 ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ሰውየውን በግድ ከአገር ማስወጣትን የሚፈቅድ ሕግ የለም ብለው ለቀቁት። ፍርዱ ግን በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ባርነትን አላስቀረም፤ ያ በአብዛኞቹ ግዛቶች የመጣው በ1833 በወጣው ሕግ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ከዋስትና ጋር ማምታታቱ ነው። ዋስትና የሚጠይቅ ሰው ክሱን ወይም ምርመራውን ከውጭ ሆኖ ልከታተል ይላል። ይኼኛው ግን እስሩ ራሱ ሕጋዊ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የተፈታ ሰውም ነፃ ነህ ተብሎ አልተፈረደለትም፤ በሕጉ መሠረት በኋላ ሊከሰስ ይችላል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ የአካል ነፃነቱን እንዲያስከብርለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታውን "ወንጀሉን አልሠራም" በሚል ክርክር አትሙሉት። መቼ ተያዘ? ማን ያዘው? የት አለ? ችሎት ቀርቧል ወይ? እነዚህን በግልጽ ጻፉ።