በላስ ቬጋስ ዙሪያ በሙቀት ወራት ተራራ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በላስ ቬጋስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ያደግነው በደጋና በወይና ደጋ ነው። ተራራ ሲባል ብርድ፣ ጭጋግና ምንጭ ይታየናል። የኔቫዳ ተራራ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በጁላይ ወር ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ የተለመደ ነው፤ በጁላይ 7 ቀን 2024 ደግሞ ወደ 49 ዲግሪ ተጠግቶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ሙቀት ለእግር ጉዞ ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች አሉ። የሚያንገበግበው አብዛኛው አደጋ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

አቀበት የለመደ ሰው ሙቀቱንም ይችላል ብሎ ማሰብ

እንጦጦን በእግሩ ሲወጣ ያደገ ሰው ጉልበትና ትንፋሽ አለው፤ ይህ እውነት ነው። በረሃ ላይ ሰውን የሚጥለው ግን የትንፋሽ ማጠር ሳይሆን ሰውነት ሙቀቱን አውጥቶ መጣል ሲያቅተው ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተንቀሳቀሰ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በከተማዋ ለዓመታት ኖረውም ከቀዝቃዛ ቤት ወደ ቀዝቃዛ መኪና፣ ከዚያም ወደ ቀዝቃዛ የሥራ ቦታ የሚመላለሱ ሰዎች ሙቀቱን ለምደዋል ማለት አይቻልም። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እናትና አባትን በሦስተኛው ቀን ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ዓለታማ ስፍራ፣ ወደ ሬድ ሮክ ካንየን ወስዶ ማስወጣት ደግሞ ፍጹም ሊደረግ አይገባም። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ የሚያሸናውን ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይሞክሩት።

«ፀሐይዋ በረድ ስትል እንውጣ» ማለት

ይህ ለአዲስ አበባ የሚሠራ ምክር ነው። በላስ ቬጋስ የቀኑ ሙቀት ጣሪያ የሚነካው እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ዓለቱም ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ከመሸ በኋላ ይተፋዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ሰዓት ንጋት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መኪናው ጋ መመለስ። በጣም በሚሞቅባቸው ሳምንታት ግን እኔ ንጋትንም አልመክርም። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ጥድ የለበሰ ደጋ አለ፤ ማውንት ቻርልስተን። ጫፉ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ግርጌ ያሉት መንገዶች እንኳን ከከተማው በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ። በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስላለ እዚያም ቢሆን በጠዋት ወጥቶ በጊዜ መውረድ ይገባል።

በቁልቁለት የሚጀምር መንገድ መምረጥ

ሁቨር ግድብ አጠገብ ወደ ኮሎራዶ ወንዝ የሚወርደው የጎልድ ስትራይክ ፍልውኃ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲሄዱ ቁልቁለት ስለሆነ ይቀላል፤ አቀበቱ የሚጠብቀው ሲመለሱ ነው፣ ያውም ጉልበት ባለቀበት፣ ውኃ በጎደለበትና ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት። ይህ መንገድ በየዓመቱ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 የሚዘጋው በዚሁ በሙቀት ምክንያት ነው። ቫሊ ኦፍ ፋየር በተባለው የኔቫዳ ፓርክም በእነዚሁ ወራት የሚዘጉ መንገዶች አሉ። የመዝጊያ ምልክቱን አልፎ መግባት ራስን ብቻ ሳይሆን ለፍለጋ የሚመጡትንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ካላላበኝ ውኃ አላጣሁም ማለት

የበረሃው አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ላብ ገና ቆዳ ላይ ሳይታይ ይተናል። ሸሚዝዎ ደረቅ ሆኖ ሳለ ከሰውነትዎ ብዙ ውኃ ሊወጣ ይችላል። ጥማትን ሳይጠብቁ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ የያዙት ግማሹ ከማለቁ በፊትም ይመለሱ። በሌላ በኩል ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ራሱን የቻለ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል ማለፍ አይገባም። ጨው ያለበት ቆሎ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) መያዝ ጥሩ ነው።

በጾም ወይም ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ መሄድ

ስለዚህኛው ሲነገር ብዙም አልሰማም፤ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 ጀምሮ በሙቀቱ መካከል ይገባል። እስከ ከሰዓት በኋላ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ቆይተው ዓለት ላይ መውጣት ሰውነት የሚሸከመው አይደለም። ረመዳን በሙቀት ወራት ሲውልም እንዲሁ ነው። የእግር ጉዞው ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ። በካዚኖና በታክሲ ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩም ንጋቱ ቢያመችም አስቀድመው ይተኙ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ መታመሙንም ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ሰፋ ያለ፣ ስስና እጅጌው ረጅም ልብስ ከባርኔጣ ጋር ይሻላል። በውኃ ነክረው አንገት ላይ የሚጥሉት ነጠላም በጣም ያግዛል።

ስልክን መተማመን

ሬድ ሮክ ውስጥ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። የት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ከመነሳትዎ በፊት ለሰው ይንገሩ። ሰማዩ ከላይዎ ጥርት ያለ ቢሆንም በሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ በደረቁ የወንዝ መውረጃ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል እዚያ ውስጥ አይቀመጡ።

ፀሐይ የመታውን ሰው ጥላ ሥር አስቀምጦ መጠበቅ

ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲጀምር ጉዞው እዚያው ያብቃ፤ በጥላ ማረፍና መጠጣት ይበቃ ይሆናል። ሰውየው ከተደናገረ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ቢያልበውም ባያልበውም ልዩነት የለውም። ወዲያውኑ 911 ይደውሉ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ይጠይቁ። እርዳታው እስኪደርስ ልብሱን አላልተው ያለውን ውኃ ሁሉ ገላው ላይ ያፍስሱ፣ ያራግቡለት፤ በረዶ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ያድርጉለት። ለተደናገረ ሰው በአፉ ውኃ አይስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል።