ሁሉም በአንድ አካውንት በሚገባበት ኮምፒውተር ላይ ፎልደር መቆለፍ

ኮምፒውተሩ የጋራ፣ አካውንቱም አንድ ነው። ፎልደሩን «ሂድን» ማድረግ መደበቅ እንጂ መቆለፍ አይደለም፤ ቪው ውስጥ አንዲት ምልክት ታወጣዋለች። የዊንዶውስ የራሱ «ኢንክሪፕት ኮንተንትስ»ም አልሆነም፦ በሆም እትም ደብዝዞ አይነካም፣ በፕሮ ደግሞ ቁልፉ አካውንቱ ስለሆነ በዚያው የገባ ሁሉ ያነበዋል።

የተሳካው ቬራክሪፕት በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በፓስወርድ የሚቆለፍ አንድ ፋይል (ኮንቴይነር) ይፈጥራል፣ ፋይሉም ሲከፈት እንደ ድራይቭ ይታያል። «ክሪየት ቮልዩም»፣ ቀጥሎ «ኢንክሪፕትድ ፋይል ኮንቴይነር»፤ መጠን 5 ጂቢ፣ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ (ፋት ከ4 ጂቢ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም)። ፓስወርዱ ከ20 ፊደል ካነሰ ያስጠነቅቃል፤ እውነቱን ነው። ለመክፈት የድራይቭ ፊደል መርጦ፣ በ«ሰሌክት ፋይል» ኮንቴይነሩን አምጥቶ «ማውንት»። ፓስወርዱ እምቢ ካለ መጀመሪያ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ዞሮ እንዳይሆን ይታይ።

ትልቁ ቀዳዳ ሳይዘጉ መነሣት ነው፤ «ዲስማውንት» (በአዲሶቹ እትሞች «አንማውንት») እስኪባል ድራይቩ ለሚቀጥለው ሰውም ክፍት ነው። ስለዚህ ፕሪፈረንስ ውስጥ አውቶ ዲስማውንት (ድራይቩ ሳይነካ ሲቆይ በራሱ የሚዘጋበት) 10 ደቂቃ ላይ ተደርጓል። ፋይሎቹ ወደ ተከፈተው ድራይቭ ከተገለበጡ በኋላ የቀድሞው ፎልደር ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንዳይቀር በሺፍትና ዲሊት ይጠፋል። ኮንቴይነሩን ማንም ባይከፍተውም ማንም ሊያጠፋው ይችላልና ቅጂው ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ፓስወርዱ ከተረሳ ግን መመለሻ የለውም።