ጤና ጣቢያ ላይ የአእምሮ ሕክምና እንዴት ይጀመራል?

ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ "ጨጓራዬን ያቃጥለኛል"። እንዲህ እያለ የሚመላለስ ሰው ብዙ ጊዜ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ ድብርት ይኖርበት ይሆን ብሎ የጠየቀው የለም። ይህ ሰው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መንከራተት የለበትም። ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ድብርትን፣ ሳይኮሲስንና (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም) የሚጥል በሽታን እዚያው አክመዋል።

መጀመሪያ ሰው አሠልጥኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኤምኤች ጋፕ የተባለው የአእምሮ ሕክምና መመሪያ የተጻፈው ለነርስና ለጤና መኮንን ጭምር እንጂ ለስፔሻሊስት አይደለም። ግን አንድ ሰው ብቻ አትላኩ፤ እሱ የተዛወረ ዕለት አገልግሎቱም አብሮት ይሄዳል።

ሥልጠናው ሳያልቅ መድኃኒቱ ይግባ። ለድብርት አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን፣ ለሳይኮሲስ ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን፣ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል። እነዚህ ከወባና ከደም ግፊት መድኃኒት እኩል በየጊዜው ይጠየቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊመጣ ስለሚችል "አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ና" ማለት ሰውየውን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ከዚያ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ጠይቁ፣ በሩን ዘግታችሁ። "እማማ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር አሁን ያስጠላዎታል? እንዲህ ከሆኑ ሁለት ሳምንት አለፈዎት?" መኖር አስጠልቷቸው፣ ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባቸውም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ቀለል ይለዋል።

ትልቁ ሥራ ክትትሉ ነው። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 9 ወር ይወሰዳል፤ ይህ በመጀመሪያው ቀን ለታማሚውም ለአስታማሚውም ካልተነገረ "ተሽሎኛል" ወይም "አልሠራልኝም" ተብሎ ይተዋል። የቀጠሮ መዝገብ ያዙ። የቀረ ሰው ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ትጠይቀው። ጸበል የሚሄደውን "ተው" አትበሉት፣ መድኃኒቱን ግን እዚያም ይውሰድ፤ የጸበሉን አባቶች ቀድማችሁ ብታነጋግሩ ነገሩ ይቀላል።

ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የደረሰውን ብቻውን ሳትተዉ ወደ ሆስፒታል ሪፈር በሉት። ሲመለስ ክትትሉን ጤና ጣቢያው ይረከብ፣ ወረቀቱ ላይም የመድኃኒቱ ስምና መጠን መጻፉን አረጋግጡ።